ቢጫው ሰሌዳና የይታይሽ እግር

ከቁሐር ሚካኤል የወጣንበት ማታ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ነበር። ልብ በሉልኝ፣ ዱባይ ሊሄድ የተነሳ ሰው ነው ባዶ እግሩን የሚሄደው። ለመንገዱ ብለን ከወረታ የገዛነው ነጭ ስኒከር እንዳይቆሽሽ በፌስታል ተጠቅልሎ ብብታችን ስር ተሸጉጧል። ክረምቱ ገና አልለቀቀም ነበር። ሜዳው ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ በቃኝ ብሏል፣ ሩዙ ጉልበት ደርሷል፣ እንቁራሪቱ ጆሮ ያደነቁራል። ከቤት እስከ ጠጠር መንገዱ የሚኬደው በማሳ ድንበር ላይ ነው፤ ያውም እንደ ሳሙና በሚያዳልጥ ጥቁር ጭቃ።

ፊት ፊት የሚሄዱት እትዬ ብርቄ ናቸው፣ የጓደኛዬ የይታይሽ እናት። የስልክ ባትሪ እያበሩ ይጮኹብናል፦ "በጣታችሁ ቆንጥጡት! ተረከዛችሁን አትመኑት፣ በጣታችሁ ነው! ጫማውን እንዳታደርጉት፣ ይዟችሁ ይሄዳል!"

ይታይሽ አብሮ አደጌ ናት። አብረን ተማርን፣ አብረን አሥራ ሁለተኛን ወደቅን፣ አብረን ፓስፖርት አወጣን። እሷ ዝምተኛ፣ እኔ አፈኛ። ጭቃ ላይ ግን እኔ አጠገቧም አልደርስም። እግሯ ሰፊ ነው፣ ጣቶቿ እንደ እጅ ጣት ተለያይተው መሬቱን ይጨብጣሉ። ሩዝ ስናርም እኛ እየተንቦጫረቅን ስንነሳ ስንወድቅ፣ እሷ ውሃ የሞላ ጀሪካን አዝላ በድንበሩ ላይ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው ቀጥ ብላ ታልፋለች። "የዳክዬዋ ልጅ" እያልን እንሰድባት ነበር። ቅናት ነው።

ያን ማታ እኔ ወደቅሁ፣ በቂጤ፣ ከነቦርሳዬ።

"እኔን!" አሉ እትዬ ብርቄ።

"እኔን!" አለች ይታይሽ።

ወዲያ ማዶ ከብት እየነዳ የሚገባ አንድ ሰው ነበር፣ በጨለማ እኛን አያየንም፣ ማን እንደወደቀም አያውቅም። "እኔን! እኔን!" አለ እሱም። ሀገሬ እንዲህ ናት። ስትወድቂ ሜዳው ሁሉ ባንቺ ፋንታ ልውደቅ ይላል። ያ ድንበር ግን እኔ ሳልወለድም ያዳልጥ ነበር። አንድ ሰው ጠጠር አልደፋበትም።

ይሄን የምለው ወድጄ አይደለም። ከመሄዴ በፊት ወረታ መናኸሪያው አጠገብ የወይዘሮ አበቡ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ሠርቻለሁ። ኩሽናው ከምግብ አዳራሹ ዝቅ ያለ ነው፣ መሀላቸው አንዲት ደረጃ አለች፣ ጠርዟ የተሸረፈ። እሷ ደረጃ የበላችውን ሰው ብቆጥር መሽቶ ይነጋብኛል። አንድ ቀን የፈላ ሽሮ ይዤ ስወጣ እሷው ጣለችኝና ሽሮው ክንዴን ላጠኝ። ከጎንደር የመጡ ሾፌሮች፣ ከደብረ ታቦር የመጡ ነጋዴዎች፣ ሁሉም ጉርሻቸውን አቁመው "እኔን!" አሉ። ከዚያ ጉርሻቸውን ጎረሱ። ወይዘሮ አበቡ ማር ቀቡኝ፣ አለቀሱልኝ፣ "ምነው ልጄ አታዪም እንዴ?" አሉኝ። ደረጃዋን የነካት የለም። እኔን ማለት መወልወያ ቢሆን ኖሮ ወረታ እንደ መስታወት ታበራ ነበር።

እና ወደ ሠለጠነው ሀገር ስሄድ ቢያንስ ወለል የሚወለወልበት ሀገር እሄዳለሁ ብዬ ነበር። እስኪ ስሙኝ።

አዲስ አበባ ኤጀንሲው ሥልጠና ሰጠን። አሠልጣኟ የቫኪዩም ማጽጃ ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፋ በማስመሪያ እየነካች "ይሄ ቱቦው ነው፣ ይሄ ጎማው ነው" ትለናለች። ማሽኑ የለም፣ ፎቶው ነው ያለው።

"እትዬ፣ የፈላ ዘይት ሰው ላይ ቢፈስ ምን ይደረጋል?" ብዬ ጠየቅኳት፣ ክንዴ ገና ጠባሳው ቀይ ነበር።

"አንቺ ምን ዓይነት ሟርተኛ ነሽ? ፈገግታ ነው የሚፈለግብሽ።"

"ፈገግ እያልኩ ቢፈስብኝስ?"

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። "ከየት ነሽ?" አለችኝ። ከፎገራ ስላት "አይ፣ ሩዝ በሊዎች" አለች። እኛ ሩዙን አብቃይ፣ ሀገሩ በሙሉ በሊታ፣ ስድቡ ለእኛ።

የሥራችን ስም ስቱዋርድ ነው። ሲጠራ ደስ ይላል። ድስት አጣቢ ማለት ነው።

ዱባይ ስንደርስ ከአየር ማረፊያው በር ስንወጣ ሙቀቱ ፊታችንን መታን። ወንዛዬ ፍል ውሃ ታውቁ የለም? እዚያ ውስጥ ልብሳችሁን ከነጫማችሁ ለብሳችሁ ተቀመጡ፣ ከዚያ አውቶብስ ጠብቁ። እሱ ነው። ይታይሽ "ዝናሽ፣ ይሄ ሰማይ ዝናብ የሚባል ያውቃል?" አለችኝ። አያውቅም አልኳት። "ታዲያ ሰዉ ምን ያሸታል?" አለች። እርጥብ አፈር ለማለት ነው። የሚሸት ነገር የለም፤ ብርጭቆና አስፋልት ምን ይሸታል?

የምንኖርበትን ካምፕ ይሉታል። የካምፑ ኃላፊ ቁልፍ በወገቡ ያንጠለጠለ ሰውዬ ነው፣ ከየት ሀገር እንደሆነ አልጠየቅኩትም፣ እሱም እኔን አልጠየቀኝም። ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል አስገባንና ሕጉን በእንግሊዝኛ አነበበልን፤ ክፍል ውስጥ ምግብ ማብሰል ክልክል፣ ሽታ ክልክል፣ ጮክ ብሎ ስልክ ማውራት ክልክል።

"መተንፈስስ?" አልኩት።

"ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ በቀስታ" አለኝ። ቀልዱን ይሁን የምሩን እስካሁን አልገባኝም።

በርበሬያችንን ወሰደብን፣ "ኬሚካል ነው" ብሎ። የሰጡን ምግብ ሩዝ ነው። ሩዝ! ይታይሽ በሹካ አንስታ በመብራት አየችው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንዱ ፍሬ ካንዱ የማይነካካ። "ይሄ ሩዝ እርስ በርሱ አይተዋወቅም" አለች። የእኛ ሩዝ ተያይዞ፣ ተቃቅፎ ነው ከድስት የሚወጣው፤ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራም ይሆናል። ይሄኛው እንደ ካምፑ ሰው ነው፣ አንድ ሰሃን ላይ ሆኖ ለየብቻ።

ሆቴሉን ከፊት ብታዩት ገነት ነው። እብነ በረዱ ላይ ፊታችሁ ይታያል፤ አንድ ሰው ጠብታ ውሃ ሲያፈስ ሦስት ሰው ይሮጣል። እኛ ግን በፊት አንገባም። ከኋላ፣ ቆሻሻ በሚወጣበት በር ገብተን፣ ቁልቁል ወርደን፣ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ነው ቦታችን። እዚያ ጠብታ የለም፣ ጎርፍ ነው ያለው። ከማጠቢያ ገንዳው ስር ያለው የፍሳሽ ቀዳዳ ይዘጋል። ተዘግቶ ውሃው ከነጮማው ተመልሶ ይወጣና ወለሉ ላይ ይተኛል። ምግብ አብሳዮቹ የፈላውን፣ የጋለውን ሁሉ ይዘው በዚያች ወለል ላይ ነው የሚያልፉት፣ ሌላ መንገድ የለም።

ወለሉ መሀል ግን ሰሌዳ አለ። ቢጫ፣ እንደ ትንሽ ድንኳን የሚቆም፣ ላዩ ላይ አንድ የተሳለ ሰውዬ እጆቹን ዘርግቶ እየወደቀ ነው። መጀመሪያ ቀን ሱፐርቫይዘራችን ሚስተር ሳሚር "ይሄ ሴፍቲ ነው" ብሎ አስተዋወቀን። የሥራ ላይ ጉዳት መከላከያ ማለቱ ነው። ጉዳቱን በምን ይከላከላል? በሰውዬው።

ሳምንታት አለፉ፣ ሰሌዳው ከቦታው አልተነሳም። ይታይሽ አንድ ቀን ሳህን እየደረደረች ትክ ብላ አየችውና "ዝናሽ፣ ይሄ ሰውዬ መቼ ነው ወድቆ የሚያልቀው?" አለችኝ። ሳቅ ገደለን። አሁን ሳስበው አያስቅም። ሁልጊዜ የሚታይ ነገር አይታይም። መጨረሻ ላይ መወልወያ እናስደግፍበት ጀመር።

ወደ ሚስተር ሳሚር ሄድኩ።

"ቀዳዳው ተዘግቷል" አልኩት።

"ሰሌዳው አለ?"

"አለ።"

"ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ቀዳዳው እንዲከፈት።"

"ለጥገና ክፍል እነግራለሁ።"

"ባለፈውም እንደዚሁ ብለኸኝ ነበር።"

"ባለፈውም ነግሬያለሁ" አለ፣ ቅር ብሎት። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ለክፉ መልስ አላጣም። ፈሪ ነው። የበላዩን ይፈራል፣ የበላዩም የራሱን የበላይ ይፈራል፣ ፍርሃቱ ፎቅ በፎቅ እየወጣ እብነ በረዱ ጋ ሲደርስ ፈገግታ ይሆናል።

ወደ ጫማው ልምጣ። የሰጡን ጫማ ጥቁር፣ ከባድ፣ ከእኛ በፊት ሥራ ለቀው የሄዱ ሰዎች ያደረጉት ነው። ሶሉ ተበልቶ አልቋል፤ እጄን ሳሳልፍበት እንደ ሳህን ልስልስ። ለኔስ ቢያንስ ልኬ ነበር። የይታይሽ ሰፊ እግር ግን ወይ አይገባም፣ ወይ ከገባ ተረከዙ አንድ መዳፍ ይተርፋል።

"ሌላ ሳይዝ ይኖራል?" አልኩላት፣ እንግሊዝኛው ለእሷ ትንሽ ይከብዳት ነበር።

"የለም። ካልሲ ደራርባ ታድርግ" አለ ሚስተር ሳሚር።

ደራረበች። በመጀመሪያው ሳምንት አዳለጣት፤ ገንዳውን ይዛ ተረፈች። ፊቷን አየሁት፤ አመድ ሆነ። ይህች ልጅ በዕድሜዋ አዳልጧት አያውቅም እኮ። በማግስቱ ምን አደረገች? ፎገራ ሜዳ ላይ የምናደርገውን። መሬቱ ሲያዳልጥ ጫማ ይወልቃል። ጫማውን ከነካልሲው አውልቃ ከገንዳው ጀርባ ሸጎጠችና በባዶ እግሯ በዚያ ጮማ ወለል ላይ ሄደች፤ ቀጥ ብላ፣ የሰሃን ቁልል ተሸክማ። እንደ ድንበሩ።

ምግብ አብሳዮቹ ቆመው አዩአት። ጁን የሚባል ፊሊፒናዊ ነበር፣ ደግ ሰው፣ ዘፋኝ። "ሲስተር፣ የባሌት ዳንሰኛ ነሽ?" አላት። እሷ ሳቀች። ሚስተር ሳሚርም አየ። በደንብ አየ። ሳህን አይሰበርም፣ ሥራው ይፈጥናል። አይቶ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ከዚያ ቀን በኋላ በየቀኑ አየ፣ በየቀኑ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

እኔም ምንም አላልኳትም። እንዲያውም ኮራሁባት። ልንገራችሁ፣ የእኛ ጥበብ ለእኛ ጭቃ ነው። የእኛ ጭቃ አይፈላም።

ዓርብ ነበር። ዓርብ ማለት እዚያ የቡፌ ቀን ነው፤ ሰዉ ከቀትር ጀምሮ እስኪመሽ ይበላል፣ እኛ የበላበትን እናጥባለን። ቀዳዳው ያን ቀንም ተዘግቶ ውሃው ወለሉ ላይ ተኝቷል። ጁን ፓስታ የቀቀለበትን ትልቅ ድስት ከነፈላ ውሃው ይዞ "ሆት! ሆት!" እያለ መጣ። መንገድ ልቀቁ ማለቱ ነው። ይታይሽ ለቀቀችለት፣ ጥግ ያዘች። ጁን ጫማ አድርጓል፣ የሆቴሉን ጫማ፣ እንደ ደንቡ። ሰሌዳውን በቄንጥ ዞሮ አለፈው። ከሰሌዳው ሁለት እርምጃ ወዲህ እግሩ ከስሩ ሄደ። ድስቱ ወደ ፊት በረረ።

ውሃው የይታይሽ ሁለቱም እግሮች ላይ ነው ያረፈው።

አልጮኸችም። "ሶሪ" ነው ያለችው። ይቅርታ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ጁን ክርኑ ተልጦ እየተንፏቀቀ ደርሶ ቀዝቃዛውን የውሃ ጎማ ከፈተና እግሮቿ ላይ ለቀቀው፤ እያለቀሰ፣ በላዩ የቆሙት "በቃ" ሲሉት እንኳ ሳያቆም። ያ ነገር እንደጠቀማት በኋላ ሐኪሙ ነግሮናል። እኔ ብሆን ማር ነበር የምፈልገው።

ሚስተር ሳሚር ሮጦ መጣ። የመጀመሪያ ሥራው ምን ይመስላችኋል? ሰሌዳውን አነሳ። ከነበረበት አንስቶ ጁን የወደቀበት ቦታ ላይ አቆመው፣ የሰሌዳውን ፊት አስተካከለ። ከዚያ ፎቶ አነሳ። ከዚያ ነው አምቡላንስ የጠራው።

በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል "እኔን" ያለ የለም። ለካ ያ ቃል ሳይኖር ሲቀር ቤቱ ባዶ ይሆናል። ሰው በሞላበት ኩሽና ውስጥ ጆሮዬ ሲፈልገው ቆየ።

ይታይሽ ከሐኪም ቤት በወጣች ጊዜ ሆቴሉ ለምርመራ ጠራን። እግሮቿ በነጭ ፋሻ ተጠቅልለው በዊልቸር ነበር የገባችው፣ እኔ ለማስተርጎም። ከጠረጴዛው ወዲያ የሰው ኃይል ክፍል ሴትዮዋና የሴፍቲ ኦፊሰሯ ተቀምጠዋል። የሴፍቲ ኦፊሰሯን ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት። ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋለች። ሚስተር ሳሚር ጥግ ቆሟል።

ጉዳዩ ግልጽ ነበር። በራሷ ጥፋት ከተባለ ታክማ ትባረራለች፣ ሌላ ምንም የላትም። በሆቴሉ ጥፋት ከተባለ እግሯ እስኪድን ይዘዋት ሌላ ቀላል ሥራ ይሰጧታል።

"ጫማሽን ለምን አወለቅሽ?" አለች የሴፍቲ ኦፊሰሯ።

ተረጎምኩላት። ይታይሽ አንገቷን ደፍታ "ስለሚያዳልጥ" አለች።

"ስለሚያዳልጥ ነው ጫማ የሚደረገው" አለች ሴትዮዋ፣ ለሕፃን እንደሚነገር።

"እመቤት፣" አልኩ እኔ፣ ሳልጠየቅ። "ማን ነው የወደቀው?"

"ምን?"

"ኩሽናው ውስጥ ሁለት ሰው ነበር። አንዱ ጫማችሁን አድርጓል፣ አንዷ ባዶ እግሯን ናት። የወደቀው የትኛው ነው?"

ወረቀቷን ገለጠች።

"ጫማ ያደረገው ነው የወደቀው። እሷ ቆማ ነበር። እስከ መጨረሻው ቆማ ነበር። እሷን ያቃጠላት የናንተ ጫማ የጣለው ሰው ነው።"

"ጫማ ብታደርግ ኖሮ እግሯ አይቃጠልም ነበር።"

"ልክ ነሽ" አልኳት፣ እውነት ስለሆነ። "ልኳን ብትሰጧት ኖሮ ታደርግ ነበር። ቀዳዳው ቢከፈት ኖሮ ደግሞ ጁንም አይወድቅም፣ እሷም አታወልቅም። ሚስተር ሳሚርን ጠይቂው፣ ስንቴ ነገርኩት? ባዶ እግሯን ስትሄድ ስንቴ አያት?"

ሁላችንም ዞረን አየነው። ሚስተር ሳሚር ምንጣፉን አየ። "ሰሌዳው ቆሞ ነበር" አለ።

"የት ነበር የቆመው?"

"ፎቶው ላይ አለ" አለ።

ይታይሽ በፋሻው ላይ እጇን አድርጋ በአማርኛ "ተይው ዝናሽ፣ አንቺንም እንዳያባርሩሽ፣ በሚካኤል" አለችኝ። ምን አለች ሲሉኝ "እግሬን ያመኛል አለች" አልኳቸው። እሱም ውሸት አይደለም።

ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ አይጮኹም። ሕክምናዋን ከፈሉ። ኮንትራቷን አቋረጡ፣ "ለጤናሽ ስንል" አሏት። ቲኬት ቆረጡላት፣ ሁላችንም የፈረምንበት አበባ የተሳለበት ካርድና ቸኮሌት ሰጧት። ቸኮሌቱን ጁን ነበር ይዞት የመጣው፤ እግሯን ማየት አቅቶት ሳጥኑን ጭኗ ላይ አስቀምጦ ወጣ። በቪ አይ ፒ ዊልቸር ከዱባይ ወጣች። እዚያ ሆቴል በሊፍት የወጣችው፣ በፊተኛው በር ያለፈችው ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ስሙኝ። እሷ በሄደች ሳምንት የቧንቧ ሠራተኛ መጣ። ቀዳዳው ውስጥ ሽቦ አስገብቶ ጎተተና አንድ ጨርቅ አወጣ። የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ፣ የበሰበሰ። ይኸው ነው። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ጨርሶ ሄደ። የጎማ ምንጣፍ መጣ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ውሃው ስሩ የሚያልፍ። አዲስ ጫማ መጣ፣ ሶሉ እንደ ትራክተር ጎማ የሚናከስ፣ በየሳይዙ። በየሳይዙ! ይታይሽን የሚሆናት አንድ ጥንድ መደርደሪያው ላይ ከነካርቶኑ አለ፣ አልፎ አልፎ አየዋለሁ።

ግድግዳው ላይ ደግሞ አዲስ ሥዕል ለጠፉ። ባዶ እግር ነው፣ በላዩ ላይ በቀይ ኤክስ የተሰረዘ። ሥዕሉን የሠራው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ እግሩ ግን ሰፊ ነው፣ ጣቶቹ የተለያዩ። አዲስ የመጡት ልጆች ያዩትና ይስቃሉ። "ማን ነው ኩሽና ባዶ እግሩን የሚገባ?" ይላሉ። "የማይወድቅ ሰው" እላቸዋለሁ። አይገባቸውም።

እናንተ ልትመጡ ያሰባችሁ እህቶቼ፣ ይሄን ጽሑፍ የማደርሳችሁ አልቅሱልኝ ብዬ አይደለም። ልካችሁ ያልሆነ ጫማ ሲሰጧችሁ "እሺ" አትበሉ። እኛ እሺ ስንል የሚቃጠል እግር እንጂ የሚመሰገን ሰው የለም። ትኩስ ይዛችሁ ስታልፉ ጩኹ፣ ጨዋነት እዚያ አይሠራም፤ የእኛ ሴት ልጅ ጮክ አትበል ተብላ ስላደገች ድስት ይዛ እንደ ድመት ከሰው ጀርባ ትመጣለች። ሲያቃጥላችሁ ማርና ሊጡን ተዉት፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ረጅም ጊዜ። ጫማችሁን አታውልቁ። እናቶቻችን ያስተማሩንን ጣት መቆንጠጥ ለናፍቆታችሁ አቆዩት። ወለል ላይ የፈሰሰ ነገር ካያችሁ ሰሌዳ አትፈልጉ፣ ጨርቅ ፈልጉ።

ወረታ ያላችሁ ደግሞ አትኩሩ። እነዚህ የዱባዮቹ ሳይነኩት ሰሌዳ ያቆማሉ፣ እናንተ ሳትነኩት እኔን ትላላችሁ። ወለሉን አንዳችሁም አልወለወላችሁም።

እሁድ ዕለት ለይታይሽ ደወልኩ። ስታነሳው ከኋላዋ ውሃ ይንቦጫረቃል፣ እንቁራሪቱ ይጮኻል። ዓይኔን ጨፈንኩ። ያ ሽታ በስልክ ቢመጣ ኖሮ ደሞዜን በሙሉ ለካርድ እሰጥ ነበር።

"የት ነሽ?"

"ማሳ ነኛ፣ አረም አይደል እንዴ?"

"እግርሽስ?"

"ድኗል።" አረም ስትነቅል ተሰማኝ። "ድኗል፣ ጠባሳው ግን ቆዳዬን ሰብስቦት ጣቶቼን ወደ ላይ ጎተታቸው። መሬት አይነኩልኝም።"

"ታዲያ ጭቃ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ አንቺ?"

"እማ ብቻቸውን ናቸዋ። ደሞ እኮ ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ወይዘሮ አበቡ ኩሽና ነይ ብለውኛል፣ ሰኞ እገባለሁ።"

ክንዴን ያዝኩ፣ ጠባሳዬን። "ያቺ ደረጃ አለች?"

"የቷ ደረጃ?"

"ወደ አዳራሹ የምታወጣዋ፣ የተሸረፈችው።"

"እ፣ እሷማ አለች" አለች፣ ስለ አሮጊት ዘመድ እንደተጠየቀ ሰው።

"ይታይሽ፣ ሳትገቢ በፊት ደረጃዋን በሲሚንቶ ያስጠግኑ። ካላስጠገኑ አልገባም በያቸው።"

"እኔ ነኝ እንዲህ የምላቸው?" ሳቀች። "'ዱባይ ተጠብሰሽ መጥተሽ ደሞ ትመርጫለሽ?' አይሉኝም?"

"ይበሉሽ! ስሚ፣ እኔ ራሴ ደውዬ እነግራቸዋለሁ፣ እሰድባቸዋለሁ እንዲያውም..."

"እሺ፣ እሺ፣ ቆይ አሁን ድንበሩ ላይ እየወጣሁ ነው፣ ስልኩን በትከሻዬ..."

ከዚያ "ውይ" የምትል ድምፅ፣ ቀጥሎ ውሃው ቧ አለ።

"እኔን!" ብዬ ጮኽኩ። ክፍሉ ውስጥ የተኙት ልጆች ብድግ አሉ። ከስልኩ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ የእትዬ ብርቄ ድምፅ ከእኔ ጋር እኩል "እኔን ልጄ!" ሲል ሰማሁት። እጄ ባዶውን አየር ይዞ ነበር፣ የሚያነሳው ሰው እንዳለ ሁሉ።

"ይታይሽ! ይታይሽ?"

ተንኳኳ፣ ተንቦጫረቀ። እየሳቀች መጣች፣ ሳቋ ውሃ የገባበት ይመስላል። "አለሁ፣ አለሁ። ተነሳሁ። የዳክዬዋ ልጅ ወደቀች በያቸው።"

"ቀስ ብለሽ ሂጂ እሺ? ቀስ ብለሽ። በጣትሽ ቆን..."

ዋጥኩት። ወዲያም እንቁራሪቱ ብቻ ነው የሚሰማው።

"እሺ" አለችኝ። "እሺ ዝናሽ።"